ቆርቆሮ የሚያሳፍራቸው ሰዎች

ነገሩ የጀመረው ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ቆርቆሮ የሚያሳፍረው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ቤት ይሠራል፤ ጣሪያው እንዳይታይ ደግሞ ግድግዳውን ከክፈፉ በላይ ያስረዝማል። የጮቄ ተራራ ዝናብ ግን ፋሽን አያውቅም፤ ከግንቡ ኋላ ኩሬ ሠርቶ ሳሎን ይገባል።

ሮብ ገበያ ከተማ ላይ ቤት የሚያሠሩት ጋሼ አያሌው ደብረ ማርቆስ ያለው የቤት ንድፍ ቢሯችን መጥተው ከኮምፒውተሬ አጠገብ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ግንቡን ከፍ አድርጊው።»

ከፍ አደረግሁት።

«ጨምሪ!»

ጨመርኩ። ቤቱ እስር ቤት መሰለ። እኔ የነደፍኩት የመጀመሪያ ቤት ሊያፈስ ነው! እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት አልችልበትም። ታዲያ ምን ላድርግ? ግንቡን አጠፋሁና ክፈፉን ወደ ውጭ ሳብኩ፤ ከሥሩም ፕሮግራሙ ውስጥ ካሉት የሰው ምስሎች አንዱን አቆምኩ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?»

«ገበያተኛ ነው ጋሼ፤ ዝናብ ይዞት የተጠለለ።»

«ኧረ ትከሻው ውጭ ቀርቷል! እኔ ደጅ ቆሞ ሊበሰብስ? ሳቢው እንጂ!»

ሳብኩት። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ!

«አህያውስ? የጫነው እህል እኮ ነው!»

ግንቡን ማን ያስታውሰው! ችግሩ፣ ፕሮግራሙ የፈረንጅ ውሻ እንጂ አህያ የለውም። ክፈፉን ስንት ልሳበው?

በማግሥቱ ጠዋት ሜትሬን ይዤ የማርቆስ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። አንገቴን ደፍቼም ወደ አንድ ገበሬ ጠጋ አልኩና፣ «አባባ፣ ካላስቸገርኩዎ አህያዎን ከነጭነቱ ልለካው?» አልኳቸው።