የጾሙት በርሜሎች

በዚያ ዓመት፣ በፈረንሳይ አገር በቡርጉንዲ ኮረብታ ላይ ያለው ገዳም ከአሥራ ሁለት በርሜል ወይን ጠጁ አሥራ አንዱ ኮምጣጤ ሆነበት። በረዶ አልመታውም፣ ትል አልበላውም፣ ሌባም አልደረሰበትም። በርሜሎቹ እንዲጾሙ ስለ ተወሰነ ነው።

በበርሜል የተቀመጠ ወይን ጠጅ ቀስ በቀስ ይጎድላል፤ ጥቂቱን እንጨቱ ይመጠዋል፣ ጥቂቱ ይተናል። የጎደለው በየሳምንቱ ካልተሞላ አየር ይገባበትና ይኮመጥጣል። ይህን ወንድም ጎስለን ያውቅ ነበር። ጎስለን ከገዳሙ አገልጋዮች አንዱ ነው፤ ማንበብ አይችልም፣ ስለዚህ ዕውቀቱ በጉባኤ አይቆጠርም። ተዳፋቱን ከድንጋይ አጽድቶ ወይኑን የተከለው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በየዓርቡ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። በዚህ ዓለም ከዚያ ወይን በቀር የኔ የሚለው ነገር አልነበረውም። ወይኑም የሱ አልነበረም።

አዲሱ አበምኔት አባ ኤቭራር ግን የተማሩ ሰው ናቸው። ስለ ትሕትና ሦስት ጥራዝ ጽፈዋል፤ በሦስቱም የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስማቸው በወርቅ ቀለም አለ። በዐቢይ ጾም መግቢያ ምድር ቤቱን ሊጎበኙ ሲወርዱ ጎስለንን ሲሞላ አገኙት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየሞላሁ ነው አባታችን። ጎድሏል።»

«ማን ወሰደው?»

«ማንም። ጥቂቱን እንጨቱ፣ ጥቂቱን አየሩ።»

«በጾም?»

«እንጨት ምን ጾም ያውቃል አባታችን።»

«እንግዲያው ይማራል» አሉ አበምኔቱ።

ጉባኤው ሦስት ቀን ተቀመጠ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ በዚያ ገዳም ግን ጠጅም ነገርም በውሳኔ ነው። የተነሣው ጥያቄ ጥልቅ ነበር፤ በርሜል የማኅበሩ አባል ነው ወይስ አይደለም? መጋቢው አባ ፉልክ ተነሥተው፣ በርሜል በቅጥሩ ውስጥ እንደሚኖር፣ ወገቡን እንደ ታጠቀ፣ ያለ ፈቃድ እንደማይወጣ፣ ዝምታንም ከብዙዎቻችን አብልጦ እንደሚጠብቅ አስረዱ። በርሜል መነኩሴ ነው ተባለ፤ መነኩሴ ከሆነ ደግሞ ይጾማል። የመሙያው ወይን ተቆልፎበት ቁልፉ ከአባ ፉልክ መታጠቂያ ላይ ተንጠለጠለ።

አገልጋይ ጉባኤ አይገባምና ጎስለን አባ ፉልክን በር ላይ ጠበቃቸው።

«አባ፣ ይኮመጥጣል እኮ።»

«የት ተጽፏል?»

«አልተጻፈም። ያየሁት ነው።»

«ያንተማ ምስክርነት አይያዝም። ወይኑን ትወደዋለህ።»

ለአሥራ ሁለት በርሜል የሚበቃ መሙያ ከየት ያመጣል? ያለው በየቀኑ ለራት የምትሰጠው አንዲት ጽዋ ብቻ ናት። አርባውን ቀን ጽዋውን ሳይቀምስ እያጠራቀመ፣ ከላይኛው ተዳፋት ወይን የተጠመቀውን አንዱን በርሜል ሞላበት። ስለዚህ በዚያ ገዳም የወይን ጾም የጾመው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ጉባኤው አላዘዘውም።

ለፋሲካ ጳጳሱ መጡ። ከመጀመሪያው በርሜል ቢቀዳላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አባ ኤቭራር «የንስሐ እንባ ነው» ብለው ለማኅበሩ ተረጎሙ። በአምስተኛው በርሜል ላይ ግን ጳጳሱ ንስሐ በቃኝ አሉ። እስከ አሥራ አንደኛው የተረፉትን አባ ፉልክ በየተራ ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ ከአሥራ ሁለተኛው ተቀዳ። ጳጳሱ ጠጡ፣ ጽዋውን መልሰው ዘረጉ።

አባ ኤቭራር ወዲያው ተነሡ። «አሥራ አንዱ የተሰወረ ኃጢአታቸው በጾም ተገለጠ። ይህ ግን ንጹሕ ነበርና ጾሙ ቀደሰው።»

«በአርባ ቀን እንዲህ ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ቢጾምማ!» አሉ ጳጳሱ። ጸሐፊያቸውን ጠሩ። «በሀገረ ስብከታችን ከእንግዲህ ማንም በርሜል እንዳይሞላ። ጻፍ።»

ጎስለን ማንቆርቆሪያውን ይዞ ከኋላ ቆሞ ነበር። ብዕሩ ቀለም ሲጠቅስ አየ። ከዚህ እስከ ወንዙ ያለው ተዳፋት ሁሉ፣ እንደሱ ድንጋይ የለቀሙ ሰዎች ሁሉ ታዩት።

«ያ በርሜል አልጾመም ብፁዕ አባታችን። ከራቴ ጽዋ እያስቀረሁ ስሞላው ነው የከረምኩት።»

«ይህ ሰው ምን ይላል?» አሉ ጳጳሱ።

«ዓመፅ ይላል» አሉ አባ ኤቭራር።

ፍርዱ ፈጣን ነበር። አሥራ አንዱ በርሜሎች ትእዛዝ ጠብቀዋልና ጻድቃን ናቸው፤ ጽድቃቸውም ለወንድሞችና ለድኆች ይታደል። አሥራ ሁለተኛው ዓመፀኛ ነው፤ ወይኑ ለቅዳሴ አይሆንም፣ ለድኃ ቢሰጥም ያሰናክላል። ስለዚህ ጳጳሱና አበምኔቱ ይህን ከባድ ሸክም በየማዕዱ ራሳቸው ሊሸከሙት ቆረጡ። ደብዳቤውም ይጻፍ፤ ሕግ በአንድ በርሜል አይሻርም።

ጸሐፊው ጻፈ፣ ጳጳሱ ማኅተማቸውን ረገጡበት። ከዚያ ጽዋቸውን ወደ መብራቱ አነሡና አዩት።

«እስከ ጰራቅሊጦስ ይቆይልናል?»

«በየሳምንቱ ከተሞላ ይቆያል» አለ ጎስለን።

አባ ኤቭራር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... ቅጣት ይሁንህና፣ እሱን ብቻ አንተ ትሞላዋለህ።»

ጎስለን ማንቆርቆሪያውን ገበታው ላይ፣ ከደብዳቤው አጠገብ አስቀመጠ።

«ማንም በርሜል እንዳይሞላ ተጽፏል አባታችን፤ ማኅተሙም ገና አልደረቀም። ሃያ ዓመት አስቸግሬያችኋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ታዛዥ ነኝ።»

እጅ ነሣ፣ ወጣ፣ በሩንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።