አሥራ አንደኛው የመልቀቂያ ደብዳቤ

በቀደም መጻሕፍት ታቅፌ በሆስፒታሉ ኮሪደር ሳልፍ አንዲት የነርስ ተማሪ ቁስል ሲታጠብ አይታ አዞራትና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አስተማሪዋም አጠገቧ ዘርፈጥ አለች። ሐኪሙ ብቅ ሲል፣ "ቀለበቴ ወድቆብኝ እየፈለግን ነው ዶክተር" አለችው። ቀለበት አድርጋ አታውቅም።

በየነርስ ትምህርት ቤቱ ሁልጊዜ ልለቅ ነው የሚል አንድ አስተማሪ አይጠፋም። የኛዋ ክብርት ይህችው ናት፤ ተማሪዎቿ "ሲስተር ስንብት" ይሏታል። እኔ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነኝ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን በየዓመቱ የምተይበውም እኔው። አሥር ጀምሬያለሁ፤ አንዱም ዲኑ ዘንድ አልደረሰም።

"ጋሼ፣ ይኼ ዓመት የመጨረሻዬ ነው!" ብላ ትገባለች። "ለስልሳ ተማሪ አንድ የመለማመጃ አሻንጉሊት! እሱም አንድ እግሩ ወልቋል፤ ታድሎ፣ በአንድ እግሩም ቢሆን ለቋል።" የዋርዱ ነርሶች "መንጋሽን ሰብስቢልን" ይሏታል። እድገት ሲመጣ ይረሷታል፤ ፈተና ማረም ሲመጣ ትዝ ትላቸዋለች። ይህን ሁሉ ስትዘከዝክ ደወል ይደወላል። "ውይ፣ ልጆቼ!" ብላ ትሮጣለች።

ልናዘዝ፤ በአሥሩም ጣቴ መተየብ እችላለሁ። ለእሷ ግን ደወሉ እስኪደርስልኝ በአንድ ጣት ነው የምተይበው።

ዘንድሮ ደወሉም አላዳነኝ። አንድ የግል ክሊኒክ በተሻለ ደመወዝ ጠራት፤ መልሷን እስከ ዓርብ ይጠብቃል። አሥራ አንደኛው ደብዳቤ ላይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረመች። የሰው እንጀራ መዝጋት ነውርም ኃጢአትም ነውና "አምላኬ፣ የሚበጃትን አድርግላት" ብዬ ጸለይኩ።

ዓርብ፣ ለቅጥሩ የጤና ምርመራ ክሊኒኩ ሄዳ፣ ክንዷ ላይ ጥጥ እንደተለጠፈ መጣች።

"ጋሼ፣ ደም የቀዳችኝ ማን መሰለችህ? ሁለቴ ፈተና የጣልኳት ልጅ! ስም ሳትጠይቅ በሽተኛ ልትወጋ ስትል ነበር የጣልኳት።"

"ተበቀለችሻ!"

"መርፌዋን ይዛ፣ 'ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ' አለችኝ። ሦስት ዓመት ያስተማርኳት ልጅ! 'አታውቂኝም እንዴ?' ብላት፣ 'ሲስተር፣ የእናቴም ክንድ ቢሆን ስም ሳልጠይቅ አልወጋም' አትለኝም!"

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አውጥታ ለአራት ቀደደችውና የክሊኒኩን ስልክ የያዘች ብጣሽ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ በሞቴ፣ 'አትመጣም' ብለህ አንተ ደውልልኝ። እኔ ከደወልኩ ደመወዙን ይጠሩልኝና እሺ እላለሁ።"