ወንዳወቅ ምንጮችን በኮምፒውተር መስታወት ላይ እንደ ሰየመ

የመሥሪያ ቤቶች ለውጥ የተባለው ቢፒአር በነገሠ በሦስተኛው ዓመት፥ በዘመነ ማርቆስ፥ በወርኃ ጥቅምት፥ ግምገማ በአገሩ ሁሉ በሠለጠነበት ጊዜ፥ በፍኖተ ሰላም የአንድ ውሃ ጽሕፈት ቤት አገልጋይ የነበረው፥ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ በክብር የጎበኘው፥ ለባሕር ዳሩ የኮምፒውተር ሥልጠና ታጭቶ በሌላ የተተካው ወንዳወቅ ያደረገውን ንጽሐፍ እንከ።

ከዞን እንግዶች ሊመጡ ሆነ። በኮምፒውተሩ ካርታ ላይ የየአገሩ ምንጭ እንደ ኑግ ፍሬ ተበትኖ ይታያል፥ ስም ግን የለውም፤ በወንዳወቅ ፈንታ የሠለጠነው ክንፈሚካኤልም ስም ማውጣቱ ላይ ገና አልደረስንም ብሎ ነበርና፥ ኃላፊዋ ወይዘሮ እንቁ ነገሩን በወንዳወቅ ጫንቃ ጣሉት፤ እንግዶቹ ምንጮቹን ለይተው ካላዩ ከነገ ጀምሮ በር ጥበቃ ነህ አሉት። ክንፈሚካኤልም የዘበኛው ካፖርት ይሰፋህ ይሆን እያለ አላገጠበት።

ወእምዝ ወንዳወቅ ሠራዊቱን አስከተተ፤ መቀስ ያነገበውን ተላላኪውን ይታገሱን፥ ጧፍ የታጠቀችውን ጽዳቷን ደስታነሽን፥ ደጁን የያዘውን ዘበኛውን ገብረሰንበትን። ስሞቹንም በወረቀት አስቆርጦ፥ በጧፍ ሰም እያጣበቀ፥ ማንኩሳን በማንኩሳ ነጥብ፥ ቡሬን በቡሬ ነጥብ ላይ በመስታወቱ አስቀመጠ። ክንፈሚካኤል ግን ማውሱን ነካ ቢያደርገው ካርታው ተንሸራተተ፥ ወረቀቶቹ ባሉበት ቀሩ፥ ማንኩሳም ዓባይ ውስጥ ገብታ ተገኘች።

ያን ጊዜ ለወንዳወቅ ምስጢሩ ተገለጠለት፤ ምንጭ በምድር ላይ ሥፍራው አንድ ነው፥ በመስታወቱ ላይ ግን ካርታው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሥፍራው ይለወጣል። አዋጅም አስነገረ፦

«ማውስ የያዝህ፥ እጅህን አንሣ! ካርታው ከቆመ በኋላ በመስታወቱ የሚታይ ነጥብ ሁሉ ስሙን ይቀበል፤ ከጠርዙ የወጣው ግን ተመልሶ እስኪታይ ስሙ በደስታነሽ መሃረብ ይቆይ። ከእንግዲህ ማውሱን የነካ ካፖርቱን ይልበስ!»

ሠራዊቱም ወረቀቶቹን ልጦ እንደ ገና ለጠፈ። እንግዶቹ ገብተው ገና ወንበር ሲስቡ፥ እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። ካርታው ከነክንፈሚካኤል ሥልጠና ጨለመ፤ በጠቆረው መስታወት ላይ ግን የወንዳወቅ ወረቀቶች በየሥፍራቸው ነጭ ሆነው ቆሙ። ደስታነሽ የተረፈውን ጧፍ ለኮሰች፤ የእንግዶቹ አለቃ አቶ ስመኘውም ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ያለውን ምንጭ ሁሉ በጣታቸው እየተከተሉ ጎበኙ፥ ያለ መብራት የሚሠራ ካርታ ዛሬ ገና አየን ብለውም አመሰገኑ። ካፖርቱ በገብረሰንበት ትከሻ ጸና።

ወንዳወቅ፥ የሚታየውን ከማይታየው የለየ፥ ማንኩሳን ከዓባይ ያወጣ፥ የጧፍ ሰም ደጃዝማች፥ ሥልጠና ሳይቀባው የነገሠ፤ ክብሩ መብራት ሲኖርም ሲጠፋም ይኑር።