ዕቃ ከነጉድለቱ

ሰፈሩ «ክቡር ጉድለት» የሚለው ሰውዬ በየማለዳው አንድ ዕቃ ከመደርደሪያ ያወርዳል፤ ያገላብጠዋል፤ ከዚያም ነውሩን በወረቀት ያሰፍራል። «ይህ ጃንጥላ ለካፊያ እንጂ ለዶፍ አይሆንም።» «ይህ ቢላዋ ከቲማቲም በላይ አቅም የለውም።» ወረቀቱ የዕቃ ዝርዝር ሆኖ ታትሞ በፖስታ አገር ምድሩን ያዳርሳል። ያነበበው ሁሉ ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ «ጃንጥላውን ላክልኝ» ብሎ ይጽፋል።

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሙ ይህን እያየ ያርራል።

እውነት ካልተናገረ ምላሱን የሚበላው ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ለታላቅየው ግን ይኸው ሰው ወንድም ብቻ ሳይሆን የሱቁ ሻጭም ሆኖ ተሰጠው። አንዲት ሴትዮ ስድስት ድስት ልትገዛ ብትመጣ፣ «እትዬ፣ ይቅርብዎ፤ ክዳኑ አይገጥምም» ብሎ ባዶ እጇን ሸኛት። በዚያው ቀን ታላቅየው አባረረው። ሴትዮዋ ግን አድራሻውን አፈላልጋ ጻፈችለት፦ «ልጄ፣ የሚገጥም ስታገኝ ላክልኝ።» በፖስታ የሚሸጥበት ድርጅቱ የተወለደው ከዚህች ደብዳቤ ነው።

አሁን የፖስታ መኪና በቀን ሁለቴ ትቆምለታለች። በታላቅየው በር ላይ የምትቆመው የጎረቤት ድመት ናት።

«ሰው ዕቃውን እየሰደበ እንዴት ይሸጣል?» ይላል።

«አንተ እያሞገስክ ስንት ሸጥክ?» ትለዋለች ሚስቱ።

ቅናቱ ሲብስበት በሚስቱ ስም የሻይ ማንቆርቆሪያ አዘዘ፤ ያልተጻፈ ጉድለት አግኝቶ ወንድሙን ሊያዋርድ። አራት ቀን ሙሉ አፈላበት። በአምስተኛው ቀን ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥሎ ተሻገረና የፖስታ ሠራተኞቹ ፊት ጮኸ፦ «አንተ ቀጣፊ! እስከ አፉ ሲሞላ በክዳኑ ይተፋል! የታል የተጻፈው?»

ክቡር ጉድለት ውሃ ሞልቶ ጣደው። ተፋ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እውነትህን ነው፣ ጋሼ። ሁለት መቶ ሰው ቤት ገብቷል እኮ።»

እዚያው ተቀምጦ ለሁለት መቶዎቹ ይቅርታ መጻፍ ጀመረ። ታላቅየው የድል ደስታውን ቆሞ ጠበቀ፤ አልመጣም። ጎንበስ ብሎ ወንድሙ የሚጽፈውን አየ።

«ወዲያ በል! ጽሕፈትህ የዶሮ ጭረት ነው» ብሎ ግማሹን ወረቀት ቀማው።

በሚቀጥለው ዝርዝር ላይ ከማንቆርቆሪያው ሥር እንዲህ ተጻፈ፦ «እስከ አፉ ሲሞላ ይተፋል። ይህን ያገኘው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከዓይኑ የሚያመልጥ ነገር የለም።» ታላቅየው ሱቁ ለገባ ሁሉ ያነብለታል፤ ወንድሙን «ቀጣፊ» ማለቱን ግን አልተወም።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ዝርዝሩ ከመታተሙ በፊት የሚነቅፋቸው ሦስት ካርቶን ዕቃዎች ከወንድሙ ይመጡለታል።