ለጊዜው የተቀመጠ ዕቃ

ሞፈር ይሄዳል። አትሳቁ። በሬ ሳይጎትተው፣ ሰው ሳይሸከመው፣ ዝም ብሎ እንደተጋደመ ይሄዳል። አንድ ክረምት ከድንበሩ ወዲያ ማዶ ነበር። በጋ ሲሆን የድንበሩን ድንጋይ ተንተርሶ አገኘነው። በሚቀጥለው ክረምት ወዲህ ተሻግሮ የኛን ሣር ተኝቶበታል። ማን አሻገረው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ያየ የለም።

ነገሩ የሆነው ኮሶዬ ነው። ጣሊያን ወጥቶ፣ ጃንሆይ ተመልሰው፣ አገሩ ጸጥ ብሎ ሰው ሁሉ ወደየድንበር ክርክሩ በተመለሰበት ዘመን። ጠላት እያለ አንድ ጋቢ ለብሶ ዱር ያደረ ጎረቤት፣ ሰላም ሲሆን በአጥር ቀዳዳ መተያየት ጀመረ። ኮሶዬን ለማታውቁት፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ብርዳም አገር ነው። ጉም የወረደ ለታ የራስህን በሬ ከጎረቤትህ በሬ አትለይም። ድንበር ለመግፋት ከዚህ የተመቸ አየር ከየት ይገኛል?

ከቤታችን በላይ አንዲት ጓሮ ነበረችን። ትልቅ አይደለችም፤ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት እናበቅልባት ነበር። የእናቴ ርስት ናት። እናቴ ስትሞት ለአስካለ ትሁን ብላ ተናዘዘች። አስካለ ታላቅ እህቴ ናት፤ ዳባት ተድራ ልጅ አልወለድሽም ተብላ ወደኛ የተመለሰች። የተመለሰች ሴት ኑሮ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጥግ ትይዛለች። ሳይጠሯት አትናገርም፣ ሳይሰጧት አትበላም። ሚስቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ አስካለ ግን ባደገችበት ቤት እንግዳ ሆና ትሳቀቅ ነበር። አባቴ ይህን ያይ ስለነበር፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እዚያች ጓሮ ላይ ጎጆ እቀልስልሻለሁ» ይላታል። እሷም በሩ በየት በኩል እንደሚሆን ሳይቀር መርጣ ጨርሳለች። በዚያች ጓሮ ነበር ቀና ብላ የምትሄደው።

ከጓሮዋ ማዶ ያለው መሬት የመሪጌታ ልሳነወርቅ ነው። አንቱ እያልኩ ነው የምነግራችሁ፤ አንደበቴ ለምዶብኛል፣ ልቤ ግን ከተወው ቆይቷል። የደብሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ሸጋ ነው። ማሕሌት ቆመው ሲያዜሙ ጠላታቸው ሳይቀር ያለቅሳል። እኔም አልቅሻለሁ። ድንበራችንን ከገፉ በኋላ እንኳ አልቅሻለሁ፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

መሪጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አባቴ ሲመጡ፣ ስለዚያው ተሻግሮ ስለተገኘው ሞፈር ነበር።

«አያ ደምሌ፣ ይቺን ሞፈር ለጊዜው እዚህ ጋደም ላድርጋት። አደራ።»

«ምን ገዶኝ መሪጌታ፣ ትቀመጥ» አለ አባቴ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና ስለ ሁለት ቃላት ላውራችሁ። ቤታችንን ያፈረሱት እነሱ ናቸውና።

አንደኛው አደራ ነው። አባቴ አደራ ሲባል ይደነግጣል፤ ቀልድ አይደለም፣ ፊቱ ይለወጣል። ድሮ አንድ መንገደኛ አንዲት ዶሮ አደራ ብሎ ሰጥቶት ሄደ። ዶሮዋ ታመመችና ሞተች። ሌላው ሰው ቢሆን ይቀብራትና ይረሳት ነበር። አባቴ ላባዋን ነቅሎ፣ በቅጠል ጠቅልሎ፣ ምሰሶ ላይ ሰቅሎ ሰውዬውን ጠበቀው። ሰውዬው ሲመለስ ላባውን አስረከበው። «ምነው አያ ደምሌ፣ ይህን ምን ላድርገው?» ቢለው፣ «አደራህ ነዋ!» ብሎ ተቆጣው። ከዚያ የራሳችንን እንቁላል ጣይ ዶሮ ጨምሮ ሸኘው። እናቴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፤ ያለችውን ግን እዚህ አልደግመውም።

ሁለተኛው ቃል ለጊዜው ነው። እናንተ ለጊዜው ስትባሉ ምን ትሰማላችሁ? ለትንሽ ቀን፣ እስኪነሳ ድረስ። እኛም እንደዚያ ነበር የሰማነው። ግን መጽሐፍ ሲተረጎም ቁጭ ብሎ የሰማ ሰው ያውቃል፤ መምህሩ አንዱን ቃል ያነሱና፣ ለጊዜው እንዲህ ማለት ነው፣ ፍጻሜው ግን እንዲህ ማለት ነው ይላሉ። በተማረ ሰው አፍ ለጊዜው ካለ፣ ከኋላው ፍጻሜው አለ። መሪጌታ ለጊዜውን ለኛ ነገሩን፣ ፍጻሜውን ለራሳቸው ያዙ። እኛ ደግሞ ገበሬዎች ነን፣ ፍጻሜውስ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከሞፈሩ ቀጥሎ ቀንበር መጣ፤ ሞፈር ያለ ቀንበር ምን ያደርጋል? ከቀንበሩ ቀጥሎ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የዛገ በርሚል መጣ። ከዚያ የማኪና በር። አዎ፣ የማኪና በር። ማኪናው የት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ፤ በሩ ግን የአስካለ ጎመን ላይ ተጋደመ። ሁሉም ለጊዜው ነው፤ ሁሉም አደራ ነው።

አንድ ቀን ብሽቅ አልኩና በርሚሉን ወደ ማዶ ላንከባልለው እጄን ሰደድኩ። መሪጌታ ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ «በንጉሥ አምላክ!» አሉኝ። በዚያን ዘመን ይህ ከተባለ በኋላ እጁን ያልሰበሰበ ሰው ጠቡ ከጎረቤቱ ጋር መሆኑ ይቀርና ከመንግሥት ጋር ይሆናል። እጄን ሰበሰብኩ። እሳቸውም ተለሳለሱና፣ «ምነው ልጄ፣ ስለ ብረት ትጣላለህ? ኵሉ ኃላፊ» አሉኝ። ሁሉም ያልፋል ማለታቸው ነው። በርሚሉ ግን አላለፈም።

ቀጥሎ ቀፎ አመጡ። ይኼኛው የረቀቀ ነበር። በርሚል ቢበዛ ያደናቅፋል፣ ንብ ግን ዘብ ነው። አስካለ ጎመን ልትቆርጥ ወጥታ ፊቷ አብጦ፣ አንድ ዓይኗ ተደፍኖ ተመለሰች። እኔ ቱግ ብዬ ወጣሁ። መሪጌታ ከልባቸው አዘኑ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «አይ ልጄ፣ ንቦቼ እንግዳ አይወዱም» አሉኝ። ሰማችሁ? በእናቷ ርስት፣ በጎመኗ መካከል፣ እንግዳዋ እሷ ሆነች። አስካለ ከውስጥ ሰምታለች። ያበጠ ፊቷን ቅቤ መቀባቷን ቀጠለች።

መኸር ሲደርስ የገብስ ገለባቸውን እዚያው ከመሩ። የኮሶዬን ነፋስ ታውቁት የለ? ገለባውን ይዞት እንዳይሄድ ክብደት ያስፈልገዋል። ክብደት ከየት ይምጣ? የወሰኑ ድንጋይ አለ። «አያ ደምሌ፣ እነዚህን ድንጋዮች ለጊዜው ገለባው ላይ ላሳርፋቸው፤ እዚሁ ናቸው፣ የትም አይሄዱ።» አባቴም እውነትም የትም አይሄዱ አለ። ድንጋዮቹ ተነስተው ክምሩ ላይ ወጡ። ድንበራችን ከመሬት ተነስቶ ገለባ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

አንድ ጠዋት ላሞቻችን ክምሩን ገብተው ቦጨቁት። ላም ምን ታድርግ? የራሷ ጓሮ መስሏት ነው፤ ከኛ ሁሉ እሷ ታስታውሳለች። መሪጌታ መጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ጥሩ ነበር። የተበላውን ገለባ በእጃቸው ሰብሰብ አደረጉና፣ «አደራ ብዬ ነበር እኮ፣ አያ ደምሌ» ብለው ሄዱ። በቃ።

አባቴ እህል አልቀመሰም። በማግስቱ መጥረቢያ ይዞ ወጣና ቀጋ ሲቆርጥ ዋለ። ያን ሁሉ እሾህ ተሸክሞ አመጣና የመሪጌታን ዕቃ ዙሪያውን አጠረው፤ ሞፈሩን፣ በርሚሉን፣ የማኪና በሩን፣ ቀፎውን፣ ክምሩን። ጓሮዋ ሙሉ በሙሉ ከአጥሩ ውስጥ ገባች፤ ከኛ ወገን የቀረው ከበራችን ፊት ያለችው መተላለፊያ ብቻ ናት። እኔ ጮህኩ። «አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው? የአስካለን መሬት እኮ ነው የምታጥረው!» አልኩት። እሱ እጁ እየደማ፣ «የሰው አደራ በላ ልታሰኘኝ ነው?» አለኝ። ደግሞ አጥሩ ሲያምር! አባቴ ለራሱ እንዲያ አድርጎ አጥሮ አያውቅም። መሪጌታም መጥተው አዩና እጃቸውን ዘርግተው መረቁት።

እንግዲህ የአስካለ ጎጆ ጊዜው ደረሰ። እንጨቱን ቆርጬ፣ ማገሩን አዘጋጅቼ፣ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩና ዕቃዎን ያንሱልን አልኳቸው።

«ከየት?» አሉኝ።

«ከጓሯችን።»

«ከየትኛው ጓሯችሁ?» አሉኝ፣ በዚያ በሚያምር ድምፃቸው። ፍጻሜው መጣ።

አጥቢያ ዳኛው ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ተቀምጦ ነገሩን ሰማ። መሪጌታ ብዙ አልተናገሩም። ዕቃዬ ያለው የት ነው፣ አጥሩ ያለው የት ነው፣ አጥሩን ያጠረውስ ማን ነው፣ ራሱ አያ ደምሌ ይመስክር፣ እኔ ሌላ ምስክር አልሻም አሉ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ለባላጋራው ምስክርነት የሚለቅ ምን ዓይነት ቅን ሰው ነው ተባለ።

አባቴን መንገድ ላይ ለምኜው ነበር። አጥሩን ለጎመናችን ነው ያጠርኩት በል፣ ሌላ ምንም አትበል ብዬዋለሁ። አስካለም እግሩ ላይ ወድቃለች። እሱ ግን በመስቀል ማለ፤ ከማለ በኋላ ደግሞ አባቴን ታውቁታላችሁ፣ ስለ ዶሮዋ ነግሬያችኋለሁ።

«አጥሩን ማን አጠረው?» አለ ዳኛው።

«እኔ።»

«ለማን?»

«ለመሪጌታ ዕቃ።»

«ዕቃውን ያንሱ ብለሃቸው ታውቃለህ?»

«ምነው ጌታዬ፣ አደራ እንዴት አንሳ ይባላል?»

ሰዉ ሳቀ። ዳኛውም ፈገግ አለና፣ የራሱን መሬት ለሌላ ሰው አጥሮ የሚሰጥ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም፣ መሬቱ የሳቸው ባይሆን አታጥርላቸውም ነበር አለ። አስካለ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ፣ «የእናቴ ናት!» አለች። ያን ጊዜ ብቻ ነው ድምፅዋ ከፍ ሲል የሰማሁት። ዳኛው፣ አባትሽ ተናግሮ ጨርሷል፣ ተቀመጪ አላት።

የቆረጥኩትን እንጨት ለማገዶ አደረግነው። ደህና ደረቅ እንጨት ነበር፣ ጥሩ ነደደ። ወዲያው አስካለ ጎንደር ልትወርድ ተነሳች፤ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለ አንድ ቤት ለሰው ልታገለግል። በሰው ቤት ጥግ ከያዝኩ አይቀር የማያውቁኝ ሰዎች ቤት ይሻለኛል አለች። አባቴ ሊከለክላት ፈለገ፤ ግን በምን አፉ?

የምትሄድ ቀን ልብሷን ቋጠረች። አንዲት እንስራ ነበረቻት፤ ማኪና ላይ ይዛት ብትወጣ ትሰበራለች። አባቴ፣ እኛ ጋ ትቀመጥልሽ አላት። አስካለ እንስራዋን አቅፋ በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄደች። መሪጌታ ከማዶ ቆመው ቀፏቸውን ያያሉ። እሷም እሾሁን በክንዷ ገለል አድርጋ፣ እንስራዋን ከአጥሩ ወዲያ መሬቱ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«መሪጌታ፣ ይቺን እንስራ ለጊዜው ላስቀምጣት» አለቻቸው። «አደራ።»

መሪጌታን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ፊታቸው ተለዋወጠ። «በንጉሥ አምላክ! በንጉሥ አምላክ አንሺ!» ብለው ጮኹ፤ ያ ሸጋ ድምፅ ተሰነጠቀ። እስክታነሳም አልጠበቁም፤ ራሳቸው ሮጠው እንስራዋን አነሱና በአጥሩ ላይ አሳልፈው አስታቀፏት። ከዚያ እንስራዋ ያረፈችበትን ቦታ በእግራቸው ደለደሉት፣ ምልክቱ እንኳ እንዳይቀር።

እኔና አስካለ ተያየን።

አባቴ ከኋላችን ቆሞ ሁሉን አይቷል። ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ፣ «አያችሁ?» አለን፤ «አደራ እንዴት እንደሚከብዳቸው አያችሁ? እግዜርን የሚፈሩ ሰው ናቸው።»