ኮፈኑን የፈታሁት እኔ ነኝ

እናንተዬ፣ ሽማግሌ ልኮ ከሽማግሌዎቹ ጋር የልጅቷ ግቢ ዘው ያለ ሰው ታውቃላችሁ? ያውም በአጥር በኩል! ያውም በጭነት መኪና!

አሁን አወቃችሁት። እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ስልኳን ፊቴ ላይ ደቀነችብኝ። አንዱ የድሮ አፍንጫማ የጭነት መኪና ፎቶ ፖስት አድርጎ «ክላሲክ!» ብሎበታል። ላይኩ ጉድ ነው። «አባዬ፣ አታምርም?» አለችኝ።

ሻዩ ትን አለኝ።

የአርባ ምንጭ ጓደኞቼ ይሄን ታሪክ በየሠርጉ ስታወሩት ኖራችኋል። ስሜን ትታችሁ «ባለኮፈኑ» ነው የምትሉኝ። ሳቁ፣ መብታችሁ ነው። ግን የምታውቁት ግማሹን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ለባለቤቴም አልነገርኳትም። (የኔ እመቤት፣ እያነበብሽ ከሆነ እራት ላይ እንነጋገራለን።)

ጊዜው ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ሞባይል የለም፣ ባጃጅ የለም። እኔ ከተመረቅኩ ዓመት ያልሞላኝ፣ ሁለት ሸሚዝ እያቀያየርኩ ሥራ የምገባ ጎረምሳ ነኝ።

ምሕረት የምትባል፣ ከአርባ ምንጭ ወጣ ብላ ያለችው የላንቴ መንደር ልጅ ወደድኩ። አባቷ አቶ ዘለቀ ሙዝ አምራች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዛቸውን እኛ ሰፈር፣ ሲቀላ ገበያ የሚያደርስላቸው የአጎቴ የጋሽ ማሞ መኪና ነው። ምሕረትም ልትሸጥ አብራ ትመጣለች። ቅዳሜን እንዴት እንደምጠብቅ አትጠይቁኝ።

ጋሽ ማሞ አጎቴ ይባሉ እንጂ አባቴ ናቸው። አባቴ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያበሉኝም፣ ያለበሱኝም፣ ያስተማሩኝም በዚያች መኪና ነው።

መኪናዋ ደግሞ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ፍሬኗ ሦስቴ ካልተረገጠ አይዝም። የኮፈኗ መቆለፊያ ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ ጋሽ ማሞ በየጠዋቱ ኮፈኑን ከፊት ብረቱ ጋር በካላማዳሪ፣ በዚያ ከጎማ ውስጥ በሚወጣው ጥቁር ላስቲክ፣ ጠፍረው ያስሩታል። አስረው ሲጨርሱ ሁለቴ መታ መታ ያደርጉታል። ዓይናቸው ደክሞ መሪ መጨበጥ ካቆሙ በኋላም ይቺን ሥራ ለሾፌሩ አሳልፈው አልሰጡም።

እንግዲህ ለምሕረት ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። ተናጋሪው ጋሽ ማሞ ናቸው። ሲቀላ ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፋ ጎረቤት፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነበር። እሳቸው ከያዙልኝ ምሕረት የኔ ናት ብዬ ተኛሁ።

ቀኑ እሑድ ሆነ። አቶ ዘለቀ ደግሞ ሰዓት ካለፈ በር የሚዘጉ ሰው ናቸው።

ጠዋት ሾፌሩን ወባ ጣለው።

«አንተ ንዳን» አሉኝ ጋሽ ማሞ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ ይሄዳል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«አትታይም። መንደሩ ሳንደርስ ዋርካው ሥር ታወርደናለህ፣ እኛ በእግራችን እንገባለን። አንተ ጋቢናው ውስጥ ጎንበስ ብለህ ትጠብቃለህ።»

ጥሩ ዘዴ ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ያውም በአክብሮት!

ጋቢናው ከእኔ ሌላ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። «አንተ ግባ።» «ኧረ በስመ አብ፣ አንተ እያለህ!» «እኔ ከኋላ ይሻለኛል።» እንዲህ ሲባባሉ ሩብ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ማንም ከማንም እንዳይበልጥ ሦስቱም ከኋላ ይሁኑ ተባለ።

ታዲያ ነጭ በነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች ሙዝ በሚጫንበት ላይ ቆመው ይሂዱ? ሞቼ ነው! ሮጬ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር አመጣሁ። አግዳሚው ግን ይንሸራተታል። የማስርበት ገመድ ብፈልግ የለም።

ዓይኔ ካላማዳሪው ላይ አረፈ።

አዎ፣ እሱው ላይ!

ጋሽ ማሞ አስረው፣ መታ መታ አድርገው፣ ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ ቤት ገብተዋል። ፈታሁት። አግዳሚውን ከመኪናው ጎን ጋር ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ኮፈኑን ደግሞ በእጄ ጫን ጫን አደረግኩና «እስከ ላንቴ መቼም አያቅተውም» አልኩ። ፍቅር የያዘው ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

ወጣን። መንገዱ አቧራ ነው። ጋሽ ማሞ ከኋላ ሆነው የሚናገሩትን ይለማመዳሉ፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። እኔ በልቤ ሙሽራ ሆኛለሁ። እንዲያውም ሚዜ እየመረጥኩ ነበር።

ከዋናው መንገድ ታጥፈን ዋርካው ብቅ ሲል አንዲት ጉድጓድ አገኘችን።

ጓ!

ኮፈኑ ተነስቶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ከፊቴ ሰማይም የለም፣ መንገድም የለም፣ ያለው ዝገት ብቻ ነው። ፍሬን አንዴ ረገጥኩ። ሁለቴ ረገጥኩ። በሦስተኛው እግሬ ስቶ ነዳጅ መስጫው ላይ አረፈ። በዚህ አስተዋይነቴ ነው እንግዲህ ሚስት የምለምነው!

በጎን መስኮት ዋርካው ሽው ብሎ ሲያልፈኝ አየሁ። መውረጃችን ነበር።

ከዚያ አጥር ተሰበረ። ከዚያ ሙዝ በግራ፣ ሙዝ በቀኝ መውደቅ ጀመረ። መኪናዋ የወደቀ የሙዝ ግንድ ላይ ወጥታ ሞተሯ ጠፋ።

አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። አቶ ዘለቀ ኮታቸውን ለብሰው፣ ዘመድ ሰብስበው፣ ወንበር ደርድረው፣ ሽማግሌ በወጉ ይገባል ብለው በሩን እያዩ ተቀምጠዋል። እኛ በጀርባቸው መጣን።

ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሽማግሌዎቹማ ንቅንቅ አላሉም! አግዳሚው ታስሯላ! የሙዝ ቅጠል ነጠላቸው ላይ ጣል ጣል ብሎባቸው ሦስቱም እንደተደረደሩ ቁጭ ብለዋል።

በየሠርጉ የሚወራው እዚህ ድረስ ነው። አሁን የቀረውን ስሙ።

አቶ ዘለቀ ተነስተው የተከፈተውን ኮፈን አዩ። «ሰው ተጭኖበት እንዲህ ይነዳል? ይሄንን ማን ነው ሳያስር የለቀቀው?» አሉ።

አንዲት ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። «እኔ» ማለት ብቻ።

ምሕረት ከእናቷ ኋላ ቆማ ታየኛለች። እሷ ፊት ጅል መሆን አልፈለግሁም። አፌ ከእኔ ቀደመ።

«የሚያስሩት ጋሽ ማሞ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ረስተውት ይሆናል» አልኩ።

ጋሽ ማሞ ጎንበስ ብለው አግዳሚውን አዩ። የገዛ ላስቲካቸው እግራቸው ሥር ታስሯል። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ምነው ያን ጊዜ በሰደቡኝ!

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «እርጅና ነው አቶ ዘለቀ። ረሳሁት። ይቅር በሉኝ።»

የባሰው ገና ነው። ወረዱ፣ አቧራቸውን አራገፉ፣ እንደ ወጉ ቆመው መናገር ጀመሩ። «ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል። ልጃችን ጨዋ ነው። ሰው አይበድልም፣ ውሸት አያውቅም» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኔ ጋቢናው ውስጥ ጎንበስ አልኩ። መሬት ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

«እንማከርበት፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ተባለ። ወጉ ነው። በሁለት ሳምንቱ ተሂዶ መልሱ እምቢ ሆነ።

በአጥሩ ነው አልኩ። በሙዙ ነው አልኩ። አብሬ በመገኘቴ ነው አልኩ። ቅዳሜ ሲቀላ ገበያ ምሕረትን ጠብቄ «አባትሽን እኔ ራሴ እግራቸው ላይ ልውደቅ?» አልኳት።

«አባባ እኮ ፈቅዶ ነበር» አለችኝ።

«ምን?»

«ሙዝ ይበቅላል ብሎ ስቆ ነው የተወው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«በኮፈን ምክንያት?»

«የምን ኮፈን! እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ መኪና ነው የምመጣው። ጋሽ ማሞ ያንን ላስቲክ ሳያስሩ አንድ ቀን ተነስተው አያውቁም። አግዳሚው ላይ ታስሮ አየሁት። ያሳደጉህን ሰው በሰው ፊት እንዲህ ካዋረድክ፣ እኔንስ ምን ታደርገኛለህ?»

ይህን ብላ ወደ ሙዟ ተመለሰች።

በዓመቱ ካምባ ወረዳ ለሚያስተምር ሰው ተዳረች። ደህና ሰው ነው ይላሉ። ይሁን።

እኔን እስከ ዛሬ የሚበላኝ ግን የምሕረት ነገር አይደለም። ጋሽ ማሞ ያንን ቀን አንዴም አላነሱብኝም። ምሳ አብረን እንበላለን፣ ያጎርሱኛል። ነገር ግን ወሬው ሲቀላ ደረሰ። «ጋሽ ማሞ እኮ መርሳት ጀምረዋል» ተባለ። ቀስ በቀስ ሰው ለእርቅ ወደ ሌላ ቤት መሄድ ጀመረ። የሚመጣ ቢኖርም ራሳቸው «እኔ አርጅቻለሁ፣ ነገር ይጠፋብኛል» እያሉ ይመልሱት ጀመር። ሰው ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ ደጁ ላይ ብቻውን ተቀምጦ መንገደኛ ሲቆጥር አይቻለሁ።

አንዲት ቃል ብናገር ያ ሁሉ ይቀር ነበር። በየፋሲካው «ዛሬ እነግራቸዋለሁ» እላለሁ። ዶሮው ይበላል፣ ይመሻል፣ እሄዳለሁ። ለባለቤቴ ሽማግሌ ሲላክ «ጋሼ፣ እርስዎ ይሂዱልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። «ተወኝ ልጄ፣ እረሳብሃለሁ» አሉኝ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ!

አፈር ከለበሱ ቆይተዋል።

ስለዚህ ዛሬ በአደባባይ ልናገር። ጋሽ ማሞ አልረሱም። አንድም ነገር ረስተው አያውቁም። ላስቲኩን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ሼር አድርጉት፣ በተለይ የሲቀላ ሰዎች።

እኛ አገር መቼም የበደለ ሰው በራሱ መሄድ ቢያፍር ሽማግሌ ይልካል። እኔ ግን ቀብራቸው ላይ እንኳ አፍሬ፣ ከኋላ ቆሜ ተመለስኩ። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ለሞተ ሰው ሽማግሌ የሚላከው በየት በኩል ነው?