ቡፌ ውስጥ ያረጀችው አሻንጉሊት

እናቴ መጣች! ለእረፍት አይደለም፣ ለአረፋም አይደለም… ጠቅልላ ነው የመጣችው! ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ ይህን ያልሰማ ሰው ካለ ወይ ጆሮውን አሞታል፣ ወይ እኔን አግኝቶኝ አያውቅም። ወሬውን የነዛሁት እኔው ነኛ! ለሂሳብ አስተማሪያችን ነግሬያለሁ። ለባጃጁ ሹፌር ነግሬያለሁ። ከከላላ በቅሎ እየነዱ ለመጡ፣ ጭራሽ ለማላውቃቸው ሽማግሌም ነግሬያለሁ። እሳቸውም «አልሀምዱሊላህ! እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ… የማን ልጅ ነሽ ግን?» አሉኝ።

ደስታዬን እዚህ ላይ ገታ ላድርግና አንድ ከባድ ነገር ልናገር፤ የሚቆጣም ይቆጣ። በእኛ አገር ሰው ዕቃ አይጠቀምም፣ ዕቃ ያስራል!

ካላመናችሁኝ ቀና በሉና የራሳችሁን ቡፌ ተመልከቱ። አላልኳችሁም? ያ ከጅዳ የመጣው ብርጭቆ ከነካርቶኑ ነው። ፔርሙዙ «ለእንግዳ ነው» ተብሎ ተቀምጧል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ለዚህ እንግዳ አይደለም» ይባላል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ላስቲክ ለብሷል፤ ድምፅ ለመጨመር ቁልፉን እንደ ሊጥ ማሸት ነው። ሶፋውም የመጣበትን ላስቲክ አላወለቀም። በበጋ የተቀመጠበት ሰው ሲነሳ ግማሽ ቆዳው እዚያው ይቀራል።

በእኛ ቤት የዚህ እስር ቤት ኃላፊ አክስቴ ዘይነባ ናት። እኔ «እትዬ» ነው የምላት፤ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ወደ ሳዑዲ ስትሄድ እኔ ገና ጥርሴን ያልነቀልኩ ሕፃን ስለነበርኩ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የቡፌው ቁልፍ ከሻርፗ ጫፍ ጋር ተቋጥሮ ይኖራል። ሻርፑ ሲታጠብ ቁልፉም አብሮ ይታጠባል፤ ሻርፑ ሲሰጣ ቁልፉም አብሮ ይሰጣል፤ ሁለቱም እስኪደርቁ እትዬ ከገመዱ ሥር ንቅንቅ አትልም።

በዚህ ቡፌ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ፣ በክብር ቦታ፣ አሻንጉሊቴ ትቀመጥ ነበር። እናቴ ናት ገና ትንሽ ሳለሁ ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እጅ፣ ከብርድ ልብስና ከቴምር ጋር የላከችልኝ። ሳጥኗ ከፊት ለፊቱ እንደ መስኮት ወለል አድርጎ ያሳያል። ወርቃማ ጸጉር፣ ሮዝ ቀሚስ፣ ሆዷ ላይ ደግሞ ቀይ ቁልፍ! ልከፍታት ስንደረደር እትዬ ጮኸች።

«ተይ! አማና ነው!»

«የኔ አይደለችም እንዴ?»

«ያንቺማ ናት። ግን እናትሽ የደከመችበት ነገር ነው። ስትመጣ እንዳለ ታገኘዋለች።»

አማና፣ ማለትም አደራ፣ ከተባለ በኋላ ደግሞ ክርክር የለም። በዚያ ላይ ሳጥኑ ዙሪያውን በአረብኛ ተጽፎበታል። እትዬ ቁርአን ስለቀራች ፊደሉን ታውቀዋለች፤ ትርጉሙን ግን አታውቅም። ስለዚህ ሳጥኑ መሬት አይነካም፣ ወደ እሱ እግር አይዘረጋም፣ ለሶላት እንደሚታጠቡት ሳይታጠቡ፣ ያለ ውዱእም አይወለወልም።

እኔም «ጀሚላ» ብዬ ስም አወጣሁላትና በመስታወት በኩል አሳደግኳት። የፈተና ውጤቴን አሳያታለሁ (ጥሩ የሆነውን ብቻ)። በክረምት መስታወቱ ላይ እፍ እልና ስዕል እስልላታለሁ። ሆዷ ሲጫን ምን እንደምትል ለማወቅ የሰፈር ልጆች ሁሉ እንሟገት ነበር፤ ገሚሱ ትዘፍናለች ይላል፣ ገሚሱ ታለቅሳለች ይላል። መጫወት ሲያምረን ደግሞ ከበቆሎ ጭራ ሌላ አሻንጉሊት እንሠራለን። እሷን መነጣጠል ይቻላላ! አማና አይደለችም።

እና እናቴ መጣች አላልኳችሁም? ደስታው እንዳለ ሆኖ አንድ ጭንቅ ነበረብኝ። ከእናቴ ጋር ምን እንደምናወራ አናውቅም! የለመድነው በስልክ ነው፤ «ደህና ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው? በይ እትዬን ስጪኝ።» ቤት ከገባች በኋላም ያው ሆነ።

«ደህና አደርሽ?»

«ደህና። አንቺስ?»

«አልሀምዱሊላህ። ትምህርት እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

ከዚያ ሁለታችንም «እትዬን ስጪኝ» ማለት ያምረናል… እትዬ ግን እዚያው አጠገባችን ተቀምጣለች! ሻይ ስቀዳላት «አትቸገሪ» ትለኛለች። እኔም «ኧረ ምንም አይደል» እላታለሁ። ለገዛ እናቴ! መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ስለ እሷ አወራለሁ፣ ቤት ስገባ ግን ለእሷ የምነግራት አጣለሁ። እንዲሁ እንደ እንግዳ ተከባብረን ልንኖር ነው ብዬ ፈራሁ፤ ወላሂ ከፈተና በላይ ፈራሁ።

እንኳን ደህና መጣሽ የሚለው ሰው ቀለል ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ትልቁን ሻንጣ ከፈተች። እኔና እትዬ ነበርን፤ ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ ደሴ የሚማረው የአጎቴ ልጅ ነስሩም ለእረፍት መጥቶ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። እናቴ ከሻንጣው ሥር አንድ የተቋጠረ ሻርፕ አወጣችና ፈታችው። ውስጡ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአሻንጉሊት ልብስ! ትንንሽ ቀሚስ፣ አውራ ጣት የምታክል ቦርሳ፣ አንድ እግር ብቻ ጫማ፣ ደግሞም መዳፍ የምትሞላ ጥቁር አባያ።

«ያቺን አምጫት እስቲ» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ።

«ማንን?»

«አሻንጉሊትሽን ነዋ! እስካሁን እጇም እግሯም ወላልቋል አይደል? ግድ የለም፣ የተረፈውን አምጪው። እናለብሳታለን።»

እኔ ወደ እትዬ ዞርኩ። እትዬ ግን ይህን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ናትና ደረቷን ነፍታ ተነሳች፤ ወደ ቡፌውም እየጠቆመች፣

«ይኸውልሽ! አቧራ እንኳን አልነካትም። ፕላስተሯ ራሱ የጅዳ ፕላስተር ነው!» አለች።

«አልከፈታችኋትም?»

«በአላህ! አማናሽን?»

እናቴ ልብሶቹን ጭኗ ላይ እንደያዘች ቁጭ አለች።

«እኔ እኮ…» አለች ወደ እኔ ዞራ፤ «የአሠሪዎቼን ልጆች አሻንጉሊት ከወለል በሰበሰብኩ ቁጥር፣ አሁን የኔም ልጅ ጸጉሯን እያበጠረች ነው፣ አሁን እያጠበቻት ነው፣ አሁን ክንዷን ነቅላ እያለቀሰች ነው… እያልኩ ነው የኖርኩት። ‹ትወጃታለሽ?› ስልሽ ‹በጣም!› ትይኝ አልነበር?»

«እወዳት ነበራ! በመስታወት ነው እንጂ…»

በዚህች ቁርጥ ሰዓት ነው እንግዲህ ነስሩ አንገቱን ከስልኩ ላይ ያነሳው። ነስሩ ደሴ ምን እንደሚማር በትክክል የሚያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም፤ ብቻ ቴሌግራም ላይ አሮጌ አሻንጉሊት የሚሰበስቡ ሰዎች ግሩፕ ውስጥ አለ።

«እንዳትከፍቷት!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። «ያልተከፈተ አሻንጉሊት እኮ ቅርስ ነው! ውጭ አገር ትልልቅ ሰዎች፣ ጢም ያላቸው ሰዎች፣ በጓንት ነው የሚይዙት!»

«ምን ያደርጉበታል?» አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

«ያዩታል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… ለጓደኞቻቸው ያሳዩታል።»

«ታዲያ ይህማ ዘይነባ ስታደርገው የኖረችው ነው! ጢም የላትም እንጂ።»

ነስሩ ግን በቀላሉ የሚረታ ልጅ አይደለም። «ፕላስተሯ የተነሳ ዕለት ተራ አሻንጉሊት ትሆናለች!» አለ።

«አሻንጉሊት ሆና ተሠርታ አሻንጉሊት ብትሆን ምን አለበት?» አልኩት።

አይ፣ አትሳቁበት፤ ከንግግሩ ውስጥ እውነት አለ። ሰው ሁሉ የደረሰውን ሁሉ እየከፈተ፣ እያወለቀ፣ እየጣለ ቢኖር ኖሮ ከድሮ ዘመን የሚተርፍልን ምን ነበር? እኔም አፌ ትከፈት አለ እንጂ እጄ ከብዶኛል። ጀሚላ እናቴ የላከቻት ዕለት እንደነበረች ናት። አንዴ ከተከፈተች ደግሞ መልሳ አዲስ አትሆንም። ግን ዞር ብዬ እናቴን አየኋት… ያንን አንድ እግር ጫማ ጣቷ ላይ አጥልቃ ታገላብጠዋለች። ለሌለች አሻንጉሊት ልብስ ስትሰበስብ ኖራለች! አልከፈትናትም ማለት፣ እናቴ በሐሳቧ ስታሳድጋት የኖረችው ልጅ እኔ አልነበርኩም ማለት ነው።

እትዬም ገብቷታል መሰለኝ ድምፅዋ ቀነሰ። «ጠበቅኩልሽ ብዬ… በደልኩሽ?»

«አብሽሪ እታለሜ» አለቻት እናቴ እጇን ይዛ። «ልጄንም እንዲሁ ጠብቀሽልኛል። እሷን ግን ከሳጥን አውጥተሽ ነው።»

እትዬ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ ኧረ ጉድ ነው፣ የሻርፗን ቋጠሮ ፈታች!

ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። እትዬ መቀሱን ያዘችና ቆም አለች። «ቆይ… መጀመሪያ የተጻፈውን አንብቢልን። የማይቀደድ ነገር እንዳንቀድ።»

እናቴ ሳጥኑን አዙራ አነበበች። «‹ባትሪ ለብቻው ይገዛል። ለሕፃናት አይሰጥም። ከእሳት ይራቅ።›»

«ሌላስ?»

«‹በቻይና የተሠራ።›»

እማማ ጥሩወርቅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እኔ ክርስቲያኗ እንኳን በዚህ ቡፌ በኩል ሳልፍ ነጠላዬን አስተካክል ነበር እኮ!»

እትዬ ቅንጣት አላፈረችም። «ከእሳት ይራቅ ማለትስ ክፉ ምክር ነው?» ብላ ፕላስተሩን ቀደደችው።

አሻንጉሊት ከሳጥን ማውጣት ቀላል የሚመስለው ሰው ሞክሮ አያውቅም። አንገቷ በሽቦ፣ ወገቧ በሽቦ፣ እጇ በሽቦ! እኛ ሽቦ በፈታን ቁጥር ነስሩ በስልኩ እየቀረጸ «ያረቢ! ቀስ! ጠርዙን! ጠርዙን!» እያለ ያቃስታል። በመጨረሻ ጀሚላ ወጣች፤ ግማሽ ጸጉሯ ግን ሳጥኑ ውስጥ ቀረ። ለካ ቀሚሷም በቤቱ መስኮት በኩል ያለው ጎኑ በፀሐይ ነጥቷል፤ አንድ ጉንጯ ቀይ፣ አንዱ እንደ ኖራ። ልናቆማት ስንል ደግሞ እግሯ ከነጫማው ተነቅሎ ሶፋው ሥር ገባ። ይህን ሁሉ ማንም ሳይነካት!

«አየህ ነስሩ» አልኩት፣ «ዝም ብሎ መቀመጥም ያስረጃል።»

ነስሩ ቀረጻውን አቆመ። ለጢማሞቹ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው እያሰበ ነበር።

ከግድግዳው ሰዓት ባትሪ ነቅለን ከተትንላት። ስንት ዘመን የተሟገትንበት ቀይ ቁልፍ! ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩት።

«ማማ! አና ጁዓና!»

እርቦኛል ማለቷ ነው። እንዴት አወቅሽ አትሉኝም? እናቴ «ሀዲር!» ብላ ከመቀመጫዋ ተፈናጥራ ወደ ማድ ቤት ስትሮጥ ነዋ! እሺ፣ ታዘዝኩ ማለት ነው። በሩን ካለፈች በኋላ ነው ማን እንዳዘዛት የገባት። እዚያው ቆመች። ከዚያ ራሷ በሳቅ ፈነዳች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ድረስ ሳቀች።

«ባትሪዋን አውጡልኝ! አሁኑኑ! እዚህ ቤት ማንም አያዘኝም!»

አወጣነው። ጀሚላም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጨዋ ሆነች።

ከዚያ ምን አደረግን መሰላችሁ? ወለሉ ላይ ተቀምጠን አሻንጉሊት ተጫወትን! እኔ በዚህ ቁመቴ! እናቴ አባያውን እያለበሰቻት «ይህችን የቤቱ ትንሿ ልጅ በመስኮት ወርውራት ነው ያነሳኋት» ትለኛለች። ያቺ አንድ እግር ጫማ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገብታ ቋ! ቋ! ስትል ቤተሰቡ ሁሉ ጂን ነው ብሎ ደረጃ ላይ ቆሞ አድሯል አሉ፤ እናቴ ብቻ ናት ምን እንደሆነ ያወቀችው፣ ዝም አለች እንጂ። እኔም ስለ በቆሎ ጭራዎቹ ነገርኳት። መጥፎ ስለሆኑት ውጤቶች ሳይቀር ነገርኳት! አንዷ ሳትጨርስ አንዷ ትቀጥላለች። እትዬ መጀመሪያ ከሶፋው ላይ ሆና «ቀስ በሉ» ስትል ቆየችና በኋላ እሷም ወረደች፤ የተረፈውን ጸጉር ሹሩባ ልትሠራላት። ነስሩ ባዶ ሳጥኑን ታቅፎ ሄደ። እሱም ደስ ይበለው።

እንግዲህ ይከፈት ወይስ ይቀመጥ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የእኔ ፍርድ ካርቶኑን ለነስሩ፣ አሻንጉሊቷን ለልጅቱ ነው። እናንተም ቤት ያልተከፈተች አንዲት እንዳለች አውቃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዛችኋት እኛ ቤት ኑ። እትዬ መቀሱን ስላ ትጠብቃችኋለች፤ አትቸገሩ። እናት ያላት ከእናቷ ጋር ትምጣ። እናቷ ገና እዚያው ዓረብ አገር ያለችባት ደግሞ ብቻዋን ትምጣና የኔን እናት አካፍላታለሁ፤ አሁን አንዴ ወሬ ጀምራለች፣ እኔ ብቻዬን ሰምቼ አልጨርሳትም!